የሴቶች አሎሎ ውርወራ ከሻምፒዮናችን ለምን ይወጣል? ለአንድ የስፖርት ዓምድ የተሰጠ ምላሽ

በመስከረም 2018 ዓ.ም. በቶኪዮ የተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና እንዳበቃ፣ እዚሁ አዲስ አበባ በሚዘጋጅ አንድ የስፖርት ዓምድ ላይ ስለ ሴቶች አሎሎ ውርወራ (ድቡልቡል ብረት በአንድ እጅ ገፍቶ በርቀት ስለሚወዳደሩበት ስፖርት) የተጻፈ ጽሑፍ ወጥቶ ብዙ ሰዎች ሲቀባበሉት ሰንብተዋል። ጸሐፊው ሻምፒዮናውን ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ አንድ ካፌ ውስጥ ሲከታተሉ፣ የሴቶች አሎሎ ፍጻሜ በቴሌቪዥኑ ሲታይ ተመልካቹ ሁሉ ፊቱን አዙሮ ወደ ወሬው መመለሱን ይነግሩናል። ከዚህ ተነሥተውም አምስት ነገሮችን ይላሉ። ውድድሩ የክብደት ፉክክር እንጂ ጥበብ የለበትም፤ ለተመልካች አሰልቺ ነው፤ የሴቶቹ ውድድር የወንዶቹ ቀላል ቅጂ ነው፤ ክብረ ወሰኑ አበረታች መድኃኒት በተስፋፋበት ዘመን የተመዘገበ ስለሆነ ውድድሩ አይታመንም፤ በመጨረሻም የኢትዮጵያዊት ሴት ተፈጥሮ ለዚህ ስለማይመች ከአገር አቀፉ ሻምፒዮና ወጥቶ ገንዘቡ ለሩጫ ይዋል።

ምላሽ ለመስጠት የተነሣሁት ጽሑፉ የአንድ ሰው የግል ምርጫ መግለጫ ብቻ ስላልሆነ ነው። የመጨረሻው ሐሳብ ሰሚ ቢያገኝ፣ ዛሬ በየክለቡና በየክልሉ አሎሎ የሚወረውሩ ወጣት ሴቶች በዓመት አንድ ጊዜ ከመላው አገሪቱ ተገናኝተው የሚለካኩበትን መድረክ ያጣሉ። እኔ በሜዳ ተግባራት (በዝላይና በውርወራ ውድድሮች) ዳኝነት ለረጅም ጊዜ ያገለገልኩ ሰው ነኝ፤ ስታዲየሙ ለእድሳት ከመዘጋቱ በፊት በዚያው፣ ሌላ ጊዜም በሌሎች ሜዳዎች፣ የእነዚህን ወጣቶች ውርወራ በሜትር ለክቼ በወረቀት ላይ አስፍሬያለሁ። ነጥቦቹን የምመለከታቸው ጸሐፊው በደረደሩበት ቅደም ተከተል አይደለም፤ ከሁሉ በላይ መልስ ይሻል ካልኩት እጀምራለሁ።

እርሱም የሴቶቹ አሎሎ «የወንዶቹ ቀላል ቅጂ» ነው የሚለው ነው። ጸሐፊው ለዚህ ያቀረቡት ማስረጃ የብረቱ ክብደት ነው፤ ወንዶች 7.26 ኪሎ ግራም፣ ሴቶች 4 ኪሎ ግራም ይወረውራሉ። አሃዙ ትክክል ነው፤ ከአሃዙ የተነሣው ድምዳሜ ግን ትክክል አይደለም። በመሰናክል ሩጫም ወንዶች 110 ሜትር፣ ሴቶች 100 ሜትር ይሮጣሉ፤ የመሰናክሉም ቁመት ይለያያል። በዚህ ምክንያት የሴቶቹ መሰናክል እውነተኛ ውድድር አይደለም ያለ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ታሪኩን ስንመለከት ደግሞ ነገሩ ጸሐፊው ካሰቡት የተገላቢጦሽ ሆኖ እናገኘዋለን። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሴቶች አሎሎ ውርወራ ወደ ኦሊምፒክ የገባው በ1948 በለንደን ነው። ያሸነፈችው ፈረንሳዊቷ ሚሼሊን ኦስተርሜየር ስትሆን ርቀቷ 13.75 ሜትር ነበር፤ በዚያው ኦሊምፒክ በዲስከስ ውርወራ ሌላ ወርቅ፣ በከፍታ ዝላይም ነሐስ አግኝታለች፤ ሙያዋ ደግሞ ፒያኖ ተጫዋችነት ነበር። እኛ የምንኮራባቸው የሴቶች ረጅም ርቀት ሩጫዎች በዚያን ጊዜ በኦሊምፒክ መርሐ ግብር ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። የሴቶች ማራቶን የገባው በ1984፣ የሴቶች 10,000 ሜትር በ1988፣ የሴቶች 5,000 ሜትር በ1996 ነው። እንግዲህ የሴቶች አሎሎ የሴቶችን ማራቶን በ36 ዓመት፣ የሴቶችን 10,000 ሜትር ደግሞ በ40 ዓመት ይቀድማቸዋል ማለት ነው። በእነዚያ አሥርት ዓመታት ሴት ልጅ ረጅም ርቀት መሮጥ አይሆንላትም፣ ሰውነቷ አይችለውም፣ ብትሮጥም የሚያያት የለም የሚሉ ሰዎች ያቀርቡት የነበረው ክርክር፣ ዛሬ ጸሐፊው በአሎሎ ላይ ከሚያቀርቡት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ያ ክርክር አሸናፊ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና፣ ፋጡማ ሮባም በ1996 በአትላንታ በማራቶን ወርቅ ያገኙበት ውድድር ራሱ አይኖርም ነበር። ደራርቱ ያሸነፈችበት የሴቶች 10,000 ሜትር በኦሊምፒክ ሲካሄድ ገና ሁለተኛ ጊዜው ነበር።

በዓለም ሻምፒዮናም የሆነው ከዚህ አይለይም። በ1983 በሄልሲንኪ በተካሄደው የመጀመሪያው ሻምፒዮና የሴቶች አሎሎ ነበረ፤ ቼኮዝሎቫኪያዊቷ ሄሌና ፊቢንጌሮቫ 21.05 ሜትር ወርውራ አሸንፋለች። የሴቶች 10,000 ሜትር ግን እስከ 1987ቱ የሮም ሻምፒዮና መቆየት ነበረበት። የሴት ሯጮቻችንን ድል ከልቡ የሚያከብር ሰው፣ ሴቶች በትልልቅ አደባባዮች ቀድመው ከተወዳደሩባቸው ውድድሮች አንዱን ቅጂ ብሎ ሊያናንቀው አይገባም።

በአንድ ነገር ላይ ጥቂት ልጨምር። በ2004 የአቴንስ ኦሊምፒክ የአሎሎ ውድድር የተካሄደው ከከተማዋ ርቆ በጥንታዊቷ ኦሊምፒያ ነበር፤ ተመልካቹም በሣሩ ላይ ተቀምጦ ነው የተከታተለው። ሴቶች በጥንቱ ዘመን እንዳይወዳደሩ በተከለከሉበት በዚያ ሜዳ ላይ፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በኦሊምፒክ ስም የተወዳደሩት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አሎሎ ወርዋሪዎች ናቸው። ከአትሌቲክስ ውድድሮች ሁሉ ይህ ዕድል የደረሰው ለአሎሎ መሆኑን ጸሐፊው ቢያውቁ ኖሮ «ታሪክ የሌለው ውድድር» የሚለውን ሐረግ ባልተጠቀሙ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ወደ ጽሑፉ ዋና ሐሳብ ልምጣ። «ከባዷ ሴት ታሸንፋለች፤ ከዚህ ሌላ ምሥጢር የለውም» ይላሉ። ይህን የሚል ሰው ውድድሩን ከሩቅ እንጂ ከክቡ አጠገብ ሆኖ አላየውም። ወርዋሪዋ የምትንቀሳቀስበት ክብ ከዳር እስከ ዳር 2.135 ሜትር ብቻ ነው። ከፊቷ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የእግር ማቆሚያ ጣውላ አለ፤ የጣውላውን የውስጥ ጎን በእግሯ መደገፍ ትችላለች፣ ላዩን ከነካች ግን ሙከራዋ ይሰረዛል። አሎሎው መነሣት ያለበት ከአንገቷ ወይም ከአገጯ ተጠግቶ ነው፤ በውርወራው ጊዜ እጇ ከዚያ ዝቅ ማለት፣ ብረቱም ከትከሻዋ መስመር ወደ ኋላ መሄድ የለበትም። የሚገፋው በአንድ እጅ ብቻ ነው። ማረፍ ያለበትም 34.92 ዲግሪ ስፋት ባለው ክልል ውስጥ ነው። ብረቱ መሬት ከነካ በኋላ እንኳ ከክቡ የምትወጣው በኋለኛው ግማሽ በኩል ካልሆነ የደከመችበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እንቅስቃሴው ከተጀመረ እስከ መልቀቂያው ድረስ ያለው ጊዜ ከሁለት ሰከንድ ብዙም አይዘልም። በዚህች ጠባብ ቦታና በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ጉልበት ብቻውን አይወጣውም።

ርቀቱን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ አሎሎው ከእጅ በሚለቀቅበት ቅጽበት ያለው ፍጥነት፣ የሚለቀቅበት ማዕዘንና ከመሬት ያለው ከፍታ። ከሦስቱ ፍጥነት ይበልጣል፤ ልዩነቱም ጥቂት አይደለም። ብረቱ 20 ሜትር እንዲደርስ በሰከንድ ከ13 ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ከእጅ መውጣት አለበት። ይህ ፍጥነት በአንድ አሥረኛ ቢቀንስ፣ ማዕዘኑና ከፍታው ባሉበት ሆነው፣ ርቀቱ ከ3 ሜትር በላይ ያጥራል። የመልቀቂያው ከፍታ በ10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ግን ከርቀቱ የሚጎድለው ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁመት ብቻውን የሚሰጠው ጥቅም በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ሲሆን፣ ፍጥነት ግን በሜትር ይቆጠራል። ረጅም ክንድ ያላት ወርዋሪ ብረቱን ረዘም ባለ መንገድ እየገፋች ፍጥነት ልትጨምርለት እንደምትችል አውቃለሁ፤ የሰውነት ክብደትም የራሱ ጥቅም አለው። ይሁን እንጂ ይህ ጥቅም ወደ ብረቱ የሚደርሰው ኃይሉ ከእግር ተነሥቶ፣ በዳሌና በወገብ አልፎ፣ በትከሻና በክንድ በኩል እስከ ጣት ጫፍ በተራ በተራ ሲተላለፍ ነው። ዳሌዋ ሳይዞር ትከሻዋ የቀደመባት፣ ወይም የግራ እግሯ በጊዜው መሬት ያልያዘላት ቀኝ እጅ ወርዋሪ ጉልበቷ ምንም ያህል ቢሆን ብረቱ አጠገቧ ይወድቃል። በዳኝነት ወንበር ላይ ሆኜ ደጋግሜ ያየሁት፣ በሰውነት ከሁሉ የምትገዝፈው ልጅ በሁለት ሜትር ስትበለጥ ነው።

ውድድሩ ክብደት ብቻ ቢሆን ኖሮ ስልቱ ባልተለዋወጠ ነበር። በ1950ዎቹ አሜሪካዊው ፓሪ ኦብራያን ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ በመንሸራተት የመወርወርን ስልት አስፋፋ፤ በ1970ዎቹ ደግሞ የሶቪየት ኅብረቱ አሌክሳንደር ባሪሽኒኮቭ እንደ ዲስከስ ወርዋሪ በክቡ ውስጥ እየተሽከረከረ የመወርወርን ስልት ለዓለም አሳየ። ሴቶቹም ሁለቱንም ስልቶች የራሳቸው አድርገዋቸዋል። የኒው ዚላንዷ ቫለሪ አዳምስና የቻይናዋ ጎንግ ሊጃኦ በመንሸራተት፣ የአሜሪካዋ ቼዝ ጃክሰንና የጀርመኗ የሚሲ ኦጉንሌዬ በመሽከርከር የዓለም ወይም የኦሊምፒክ ወርቅ አግኝተዋል። አዳምስ ቁመቷ 1.93 ሜትር ነው፤ ጎንግ ከእርሷ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ታጥራለች፤ ነገር ግን ሁለቱም ከ20 ሜትር ተኩል በላይ ወርውረው የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆነዋል። ጎንግ ወርቁን በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ20.58 ሜትር ስታገኝ አራተኛ ኦሊምፒኳ ነበር። አንዲት ሴት ለወርቅ አራት ኦሊምፒክ ጠብቃ የምትደርስበት ሙያ በአንድ ቀን ሚዛን ላይ በመውጣት የሚለካ አይደለም።

«የኢትዮጵያዊት ሴት ተፈጥሮ ለአሎሎ አይመችም» የሚለው ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ጸሐፊው «የእኛ ሰውነት» ሲሉ በዓይነ ኅሊናቸው የሚታያቸው የረጅም ርቀት ሯጮቻችን ሰውነት ብቻ ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት አገር፣ ከጋምቤላ እስከ ባሌ፣ ከአፋር እስከ ኦሞ፣ አንድ ዓይነት ሰውነት ያለው ሕዝብ የለም። ከዚህ ከመሐል ከተማው ሳንርቅ እንኳ፣ ከእንጦጦ የማገዶ እንጨት ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱት እናቶች ሸክማቸው ከ4 ኪሎ ግራም በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ያን ሸክም ለዘመናት «የሴት ሥራ» ብለን ተቀብለን ኖረናል። እንዲህ ከሆነ፣ አንዲት ወጣት በአሠልጣኝ ክትትልና በሐኪም ምርመራ የምትወረውረውን 4 ኪሎ ብረት ከተፈጥሮዋ ውጭ ነው ብሎ ለመከልከል ምክንያት ይጠፋል።

ስለ አፍሪካዊ ሰውነትና ስለ አሎሎ ለመናገር የፈለገ ሰው የኦሪዮል ዶንግሞን ታሪክ ሳያነሣ ማለፍ የለበትም። ዶንግሞ ተወልዳ ያደገችው በካሜሩን ነው፤ በ2014 እና በ2016 ለካሜሩን ተሰልፋ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆናለች፤ ያሸነፈችባቸው ርቀቶች ግን ከ18 ሜትር በታች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ፖርቱጋላዊ ዜግነት አገኘች፤ በዚያም ስትሠለጥን ቆይታ በ2022 በቤልግሬድ በተካሄደው የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና 20.43 ሜትር ወርውራ ወርቅ ወሰደች። ተፈጥሮዋ ያው ነበር። የተለወጠው የምትሠለጥንበት ቦታ፣ የምታገኘው አሠልጣኝና የምትወዳደርበት ብዛት ነው። ይህን እያወቅን የአፍሪካን ወርዋሪዎች ዝቅተኛ ውጤት ለተፈጥሮ መስጠት፣ እኛ ልንሠራው የሚገባውን ሥራ ለፈጣሪ መተው ይሆናል።

ስለ አሰልቺነቱ ባጭሩ ልናገር። የካፌው ተመልካች ፊቱን ማዞሩን አምናለሁ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ዓለም አቀፉ ሥርጭት የአሎሎን ፍጻሜ የሚያሳየው በሩጫዎቹ መካከል እየቆራረጠ ነው፤ አንድ ውርወራ ይታያል፣ ከዚያ ወደ ሩጫው ይኬዳል፣ ስንመለስ ደረጃው ተለዋውጦ ይጠብቀናል። እንዲህ እየተቆራረጠ ቢቀርብ 10,000 ሜትርም ማንንም አይስብም። ለማየት የፈለገ ሰው ሊያውቀው የሚገባው ጥቂት ነገር ነው። ለረጅም ዓመታት በሠራው ሥርዓት መሠረት ለፍጻሜ የሚቀርቡት 12 ወርዋሪዎች ሦስት ሦስት ጊዜ ይወረውሩ ነበር፤ ከእነርሱ የተሻሉት 8 ሦስት ተጨማሪ ሙከራ ያገኙ ነበር፤ በእነዚህ የመጨረሻ ዙሮች መሪዋ የምትወረውረው ከሁሉ በኋላ ነው። ሁለት ወርዋሪዎች በእኩል ርቀት ቢጨርሱ ሁለተኛው ምርጥ ውርወራቸው ይለያቸዋል። ይህን የያዘ ተመልካች የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ከወንበሩ አይነሣም።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በ2016 በሪዮ ቫለሪ አዳምስ በ20.42 ሜትር እየመራች ለሦስተኛ ተከታታይ ወርቅ ተቃርባ ሳለ፣ አሜሪካዊቷ ሚሼል ካርተር በመጨረሻው ሙከራዋ 20.63 ሜትር ወርውራ ወርቁን ወሰደችባት፤ ለአዳምስ የቀራት አንድ ውርወራ አልበቃትም። በ2024 በፓሪስ የሆነውም ይህንኑ ይመስላል። የኒው ዚላንዷ ማዲሰን ሊ ዌሽ በ19.86 ሜትር እየመራች ነበር፤ ኦጉንሌዬ በመጨረሻው ዙር ልክ 20.00 ሜትር ወርውራ አለፈቻት። ጸሐፊው «ምንም ያልተፈጠረበት» ያሉት የቶኪዮው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ራሱ ኔዘርላንዳዊቷ ጄሲካ ሺልደር በ20.29 ሜትር ያሸነፈችበት፣ ሦስተኛ ተከታታይ የዓለም ወርቋን ትፈልግ የነበረችው ቼዝ ጃክሰን በ20.21 ሜትር ሁለተኛ የወጣችበት፣ ዌሽም በ20.06 ሜትር ነሐስ ያገኘችበት ነው። በአንደኛዋና በሁለተኛዋ መካከል ያለው ልዩነት 8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የአንድ ሰው መዳፍ ስፋት ያህል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ልዩነት የዓለም ሻምፒዮን የሚለይበትን ፍጻሜ ምንም አልተፈጠረበትም ማለት ለወርዋሪዎቹ ፍትሕ አይደለም።

አበረታች መድኃኒትን በተመለከተ ጸሐፊው ካነሷቸው ነጥቦች ሁሉ ከእውነት የራቀው ይህኛው አይደለም፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ልመልስ። የሴቶች አሎሎ የዓለም ክብረ ወሰን 22.63 ሜትር ነው፤ የሶቪየት ኅብረቷ ናታልያ ሊሶቭስካያ በ1987 በሞስኮ ያስመዘገበችው ነው። በዚያ ዘመን በምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ራሱ ለአትሌቶቹ፣ ብዙ ጊዜም ሳያሳውቃቸው፣ አበረታች መድኃኒት ይሰጥ እንደነበር የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ በሰነድ ተረጋግጧል፤ አሎሎ ወርዋሪዎችም ከተጎጂዎቹ መካከል ነበሩ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ውድድሩ ከዚህ አልዳነም። በ2004 በኦሊምፒያ አንደኛ የወጣችው ሩሲያዊቷ ኢሪና ኮርዣኔንኮ ወርቋን ተነጥቃለች፤ ወርቁም በ19.59 ሜትር ለኩባዋ ዩሚሌይዲ ኩምባ ተሰጥቷል። በ2012 በለንደን ወርቅ ያጠለቀችው ቤላሩሳዊቷ ናድዜያ ኦስታፕቹክ ውጤቷ ተሰርዞ ወርቁ ለቫለሪ አዳምስ ተላልፏል፤ ሩሲያዊቷ ኮሎድኮም በኋላ በተደረገ ምርመራ ሜዳሊያዋን አጥታለች።

ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «ታዲያ ምኑን እንመን?» ይላሉ። እኔ ግን ይህንኑ ታሪክ ሳነብ የሚታየኝ ሌላ ነው። ከ2016 እስከ 2025 በኦሊምፒክና በዓለም ሻምፒዮና የሴቶች አሎሎ ወርቅ ያስገኙት ርቀቶች በሙሉ ከ19.55 እስከ 20.63 ሜትር ባለው ውስጥ ናቸው፤ ከክብረ ወሰኑ ቢያንስ በ2 ሜትር ያነሱ ናቸው ማለት ነው። ሥልጠናው፣ አመጋገቡና የቪዲዮ ትንተናው ከ1980ዎቹ እጅግ ተሻሽሎ ሳለ ርቀቱ ማጠሩ የምርመራውን ውጤት ያሳያል። ዛሬ ሁሉም ንጹሕ ነው አልልም፤ ይህን በእርግጠኝነት መናገር የሚችል ሰው በየትኛውም ስፖርት የለም። ሩጫም ከዚህ ነጻ ሆኖ አያውቅም፤ በመካከለኛና በረጅም ርቀት ሩጫ ሜዳሊያቸውን የተነጠቁ አሉ፤ በዚያ ምክንያት ሩጫ ይቅር ያለ ግን የለም። ደግሞም ውድድሩን በመሰረዝ የሚቀጡት አጭበርባሪዎቹ አይደሉም። ጎንግ ሊጃኦ በለንደን ሜዳሊያ የሚሰጥበት መድረክ ላይ ሳትወጣ ነው ወደ አገሯ የተመለሰችው፤ ከፊቷ የነበሩት ሁለት ሴቶች ውጤታቸው ሲሰረዝ የብር ሜዳሊያው የእርሷ ሆነ። በንጽሕና የተወዳደረችው ሴት የመጀመሪያዋ ተጎጂ ሆና ሳለ፣ እንደገና ውድድሩን መንጠቅ ሁለተኛ በደል ነው።

የሚቀረው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው የሴቶች አሎሎ ከአገር አቀፉ ሻምፒዮና ቢወጣ ለሩጫ የሚተርፍ ገንዘብ ይገኛል ይላሉ፤ መጠኑን ግን አልጻፉትም። እስቲ ወጪው ምን ምን እንደሆነ እንመልከት። ለአሎሎ የሚያስፈልገው በስሚንቶ የተሠራ ክብ፣ የእግር ማቆሚያ ጣውላ፣ መስመር የተሰመረለት ሜዳ፣ የመለኪያ ሜትርና ብረቱ ነው። ክቡ ለወንዶችም ለሴቶችም አንድ ነው፤ የመዶሻ ውርወራም የሚካሄደው ያው 2.135 ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ነው። ዳኞቹም እኛው ነን፤ የወንዶቹን ስንለካ የሴቶቹንም እንለካለን። እንደ ምርኩዝ ዝላይ ውድ ፍራሽና ከውጭ የሚመጣ ዘንግ አያስፈልገውም። አንድ ጊዜ የተገዛ አሎሎ በአግባቡ ከተያዘ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል፤ ለልምምድ የሚሆነውንማ በመርካቶ ያሉ ቶርኖ ቤቶች ቀርጸውና መዝነው ሊሠሩት ይችላሉ፤ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጃገረዶች የሚሆነው 3 ኪሎ ግራም ደግሞ ከዚህም ይቀላል። የወንዶቹ ውድድር እስካለ ድረስ የሴቶቹን ማስወጣት የሚያስቀረው ወጪ የወርዋሪዎቹን የጉዞ አበልና ማረፊያ ብቻ ነው። ይህ ገንዘብ ወደ ሩጫ ቢዞር የሩጫውን ችግር አይፈታም፤ ከእነዚህ ልጆች ላይ ሲነሣ ግን ክለብ የመያዝ፣ ደመወዝ የማግኘትና በስፖርት የመቆየት ዕድላቸውን ይዞ ይሄዳል፤ ምክንያቱም ክለቦች በሜዳ ተግባራት አትሌት የሚይዙት በሻምፒዮናው ነጥብ ስለምታስገኝላቸው ነው።

በእኔ በኩል ከማስወጣት ይልቅ ሊደረግ ይገባል የምለው ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። ባየኋቸው ብዙ ውድድሮች የሴቶች አሎሎ ፍጻሜ የሚካሄደው በማለዳ፣ ወንበሮቹ ባዶ ሆነው፣ ርቀቱም በድምፅ ማጉያ ሳይነገር ነው፤ ውጤቱን የሚያውቁት ዳኞቹና ወርዋሪዎቹ ብቻ ናቸው። ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮና በዚህችው ከተማ ሲካሄድ የአህጉሩን ወርዋሪዎች ያስተናገደው መሐል ከተማ የሚገኘው ስታዲየም ነበር፤ ስለዚህ ይህ ለከተማዋ እንግዳ ነገር አይደለም። የሴቶቹ ፍጻሜ የሩጫ ፍጻሜዎች በሚካሄዱበት የከሰዓት በኋላ ሰዓት ይያዝ፤ የእያንዳንዷ ወርዋሪ ስም፣ የመጣችበት ክለብና ርቀቷ በየሙከራው ይነገር፤ ደረጃው ከክቡ አጠገብ በሚቆም ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። የስፖርት ዓምድ ያላቸው ጸሐፊዎችም ውጤቱን ከሩጫው ውጤት ጋር አብረው ያትሙት።